እርማት፦ ድንጋይ ማንጠልጠል ቴሌስኮፕን አያረጋጋም

"ቴሌስኮፑ ከተንቀጠቀጠ ትራይፖዱ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያው) መሃል ድንጋይ አንጠልጥል፣ ይበቃል" ያልከው ብዙ ሰው የሚያምነው ስህተት ነው ወንድሜ። ድንጋዩ ነፋስ ገፍቶ እንዳይጥለው ይረዳል። መንቀጥቀጡ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከላይ፣ ማውንት ከምንለው ተሸካሚው ክፍል መላላትና ከእግሮቹ ቅጥነት ነው። በ100 እጥፍ ስታጎላ ንዝረቱም አብሮ 100 እጥፍ ይጎላል፤ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የማታው ነፋስ ሲነሳ ጁፒተር ስትዘል ያየ ሰው ያውቀዋል።

ቱቦውን በጣትህ መታ አድርግና ቁጠር። ከ3 ሰከንድ በላይ ከተርገፈገፈ ማውንቱ አልቻለውም። እግሮቹን እስከ መጨረሻ አትምዘዛቸው፣ አሳጥረህ ቁጭ ብለህ እይ፤ ይሄ ብር አያስወጣም። ስትገዛ ደግሞ ቴሌስኮፕህ 5 ኪሎ ከሆነ 5 ኪሎ ብቻ የሚሸከም አትውሰድ፣ በደንብ የሚተርፍ አቅም ያለውን ፈልግ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከባድ ስለሆነ አይንቀጠቀጥም ብለህ ዝም ብለህ ኢኳቶሪያል ማውንት፣ ማለትም ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ አቅጣጫ ተስተካክሎ የሰማዩን መዞር የሚከተለውን ዓይነት፣ እንዳትገዛ። እኛ አዲስ አበባ አካባቢ ያለነው ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነ የብዙዎቹ ዘንግ እስከዚያ ዝቅ አይልም፣ የሰሜን ኮከብም እዚህ ከአድማስ ብዙም ስለማትነሳ ከእንጦጦ በታች ላለ ሰው ተራራው ይጋርዳታል። ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ ካለህ ጎበዝ አናጺ ከወፍራም ጣውላ የሚሠራልህ የዶብሶኒያን ሳጥን፣ ማለትም ቱቦው ተቀምጦበት ወደ ጎንና ወደ ላይ ታች የሚዞርበት መሬት ላይ የሚቀመጥ መቆሚያ፣ ይሻልሃል።