የዌምብሌይን መድረክ ስናነሣ
ከወንድሞቼና ከአብሮ አደጎቼ ጋር ስንገናኝ የምንወዳቸውን የሮክ ባንዶች ማንሣታችን አይቀርም፤ ጨዋታው ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ወደ ቀረበው «ላይቭ ኤይድ» የተባለ የርዳታ ኮንሰርት ሲደርስ ግን ውስጤ ይቃጠላል። የኩዊን ባንድ ድምፃዊ ፍሬዲ መርከሪ በ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ያን ሁሉ ሕዝብ እንዴት እንዳስጨበጨበ፣ የባንዱ ጓዱ ብራያን ሜይ ጊታሩን እንዴት እንደተጫወተ አንድ በአንድ የሚተርክልኝ ሰው፣ ዝግጅቱ የተሰናዳው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ለተራበው ለገዛ ወገናችን መሆኑን ጨርሶ አያነሣም። እኔም ኩዊንን እወዳለሁ፣ ያውም ከልቤ። ነገር ግን ኮረም ላይ ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች በእኛው ቤት፣ በእኛው ቋንቋ ሲረሱ እንዴት ዝም እላለሁ? ባለፈው እሑድ ይህንኑ ብናገር «ጨዋታ አታበላሽ» ተባልሁ።