ዝንጀሮ ለማየት ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል?

ለመስቀል መሐል ሜዳ ስሄድ ታላቅ ወንድሜን ተክዞ ነው ያገኘሁት። ልጁ አንደኛ ዓመቱን በጥሩ ነጥብ ጨርሶ ዲፓርትመንት ሲመርጥ አንትሮፖሎጂን፣ የሰውን ልጅ አመጣጥና አኗኗር የሚያጠናውን ትምህርት፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሞልቷል። ጎረቤት “ሐኪም ነው መሐንዲስ?” ብሎ ሲጠይቅ ምን ይመልስ? ልጁ ሊያስረዳ ሲሞክር ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ በመንዙ ጓሳ ሣር ሜዳ ላይ ጭላዳ የሚባለውን ሣር በል ዝንጀሮ የሚያጠኑት ሰዎች የሚሠሩትን መሥራት እፈልጋለሁ አለ። “ዝንጀሮ ለማየት ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳያቸው ኖሬ የለም ወይ!” አለኝ ጋሼ፣ ጠላውን ወደ እኔ እየገፋ።

አልተሳሳተም። የመንዝ ገብስ ጠባቂ ዝንጀሮን ያውቃል። እኔም ወንጭፍ ይዤ ነው ያደግሁት። አባታችን ማሳው ዳር ሲቆም ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣራቸውን ይነጫሉ፤ እሱ ሄዶ እህቴ ስትተካ ግን ትንሽ ቆይተው አንድ በአንድ ወደ እሸቱ ይጠጋሉ። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እንዴት እንደሚለዩን ግን አንድም ቀን አልጠየቅንም፤ እጃችን ላይ የነበረው ድንጋይ ነዋ። እኛ የምናውቀው የሚሸሸውን ጭላዳ ነው። የተቀመጠውን ጭላዳ ለማወቅ አንድ ሰው ምንም ሳይወረውር፣ በብርድ፣ መንጋው መሸሹን እስኪተው ድረስ አብሮት መዋል አለበት። ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንጉየን የተባሉት የካሊፎርኒያ አንትሮፖሎጂስቶች እ.ኤ.አ. ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ ጓሳ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

እንዲህ አብሮ መዋል የት እንደሚያደርስ ለወንድሜ በሮቢን ደንባር ታሪክ ልነግረው ሞከርኩ። ይህ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከባለቤቱ ጋር ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ሲከታተል የቆየ ሰው ነው። የሚያየው ነገር ቀላል ይመስላል፦ ማን የማንን ፀጉር ይፈትሻል? ማን ከማን አጠገብ ይቀመጣል? ማንስ ሲጣላ ማን ይደርስለታል? ከዚያ ተነሥቶ በለንደን የሥነ ሕይወት አንትሮፖሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የዝንጀሮና የጦጣ ዝርያዎችን የአንጎል መጠን ከመንጋቸው ብዛት ጋር አነጻጽሮ፣ ሰው በቅርብ ሊያውቀው የሚችለው ወደ 150 የሚሆን ሰው ነው የሚል ስሌት አወጣ። ዝንጀሮ ወዳጅነቱን የሚያጠብቀው ፀጉር በመፈተሽ ነው፤ ይህ ግን ጊዜ ይበላል፤ መንጋው ሲሰፋ ለሁሉም አይዳረስም። የሰው ልጅ መፍትሔ ወሬ ሆነ፣ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ “የሚፈተሽበት” ይላል ደንባር። ቡና ላይ ስለ ጎረቤት ሲወራ የሰማ ሰው ለዚህ ማስረጃ አይቸግረውም።

ቁጥሯን ግን አላምናትም። በ2021 የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስሌቱን እንደገና ሲሠሩት በዝቅተኛውና በከፍተኛው ግምት መሐል ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ሆኖ ስላገኙት አንድ ቁጥር መጥራት አይቻልም ብለዋል። (የእድራችን ዳኛ ከ150 በላይ ሰው በስሙም በዕዳውም ያውቃል።) ቁጥሩ ቢወድቅም ጥያቄው አልወደቀም፤ ጥያቄው ደግሞ የተወለደው እኛ በወንጭፍ ከምናባርራቸው እንስሳት መሐል ነው።

“መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ” እንላለን፣ እሾህ ሲነቀልላት። ለጭላዳ ይህ ቀልድ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ፣ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ሣር እየለቀመ ነው የሚውለው። ክሊፎርድ ጆሊ የተባለ አንትሮፖሎጂስት በ1970 ከዚህ ተነሥቶ፣ የጥንት ዘመዶቻችን በሁለት እግር ከመቆማቸው በፊት ቀጥ ብለው ተቀምጠው ትናንሽ ፍሬ በጣት ይለቅሙ እንደነበር ገመተ። ግምቱ እንዳለ አልጸናም፤ ግን ብዙ ሰው አከራክሯል። ቄሱ እንዳይቆጡ ልጨምር፦ ሰው ከጭላዳ መጣ ያለ የለም። ጭላዳ የራሱን መንገድ የሄደ የሩቅ ዘመድ ነው።

ወንድሜን ያሳቀው ግን ሌላ ነው። በ2013 የታተመ የሰሜን ተራሮች ጥናት እንዳሳየው፣ ከአውራዋ ተደብቃ ከሌላ ወንድ ጋር የምትገናኝ ጭላዳ ድምጿን ታፍናለች፤ ወንዱም እንደዚያው፤ አውራው ራቅ ያለበትንም ጊዜ ይመርጣሉ። ከተደረሰባቸው ቅጣት አለ። “ይኼንንም ጻፉት?” አለ ጋሼ። የጓሳው ደግሞ የባሰ ነው። ቀይ ቀበሮ መንጋው መሐል ገብቶ አይጥ ያድናል፤ የጭላዳ ግልገል አጠገቡ እያለ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። በ2015 የታተመው ጥናት እንደሚለው ከመንጋው ጋር ሲሆን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶው ብቻ።

እዚህ ላይ ነው ከወንድሜ ጋር የተለያየነው፤ እሱ ይህ ሁሉ የእንስሳት ነገር ነው ይላል። ጭላዳው ያለው ግን ሣሩ ስላለ ነው። ሣሩ የቆየው ደግሞ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ የተባሉት የመንዝ አባቶች ጓሳን ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ስላስጠበቁት፣ የሥርዓቱ አለቃ ዓመታት ዘግቶ በጊዜው ይከፍተው ስለነበር፣ ማጨድ ያለ ቀኑ ያስቀጣ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ምን እንደተከተለ ሽማግሌዎቹ ይነግሩናል። ዘለዓለም ተፈራ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በዚሁ የጋራ አጠባበቅ ላይ ነው፤ በቀበሮው ጥናት ላይም ስሙ አለ። የሰውን ሕግና የአውሬውን ኑሮ አንድ ላይ የሚያይ ትምህርት ከፈለግን፣ ልጁ የመረጠው እሱን ነው።

ፈረንጅ እውቀታችንን ወሰደ የሚሉም አሉ። አልወሰደም፤ የተውነውን ጥያቄ አንሥቶ ቁጭ አለ።

ማታ ላይ ልጁ ከከብቶቹ ጋር ሲገባ ጋሼ አየት አደረገውና እንዲህ አለው፦ “እሺ፣ ሂድ። ግን መጀመሪያ የገብሴን። እናትህ ስትጠብቅ ለምን እንደሚገቡ፣ እኔ ስጠብቅ ለምን እንደማይገቡ ጠይቅልኝ።”

ልጁ ደብተሩን አወጣ። “ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚመጡት፣ አባዬ?”