ቀለሙማ መጨረሻ ላይ ነው የመጣው

ሰሞኑን ሳንዲያጎ ውስጥ ቡና ላይ ቁጭ ብለን የቺካኖ ፓርክ፣ ማለትም የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ከድልድይ ሥር ያለው መናፈሻ፣ ወሬ ተነሣ። አንዱ ወዳጃችን «ሜክሲኮዎቹ የድልድይ ምሰሶ ቀቡና ሰፈራችን ነው አሉ፤ ቀለም ሰፈር አይሆንም፣ መሬቱ የመንግሥት ነው» አለ። ሌሎቹም «እውነቱን ነው» አሉት። እኔ ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣልኝም።

ቀለሙማ መጨረሻ ላይ ነው የመጣው! በ1963 አውራ ጎዳናው ሰፈራቸውን ባሪዮ ሎጋንን ለሁለት ሰነጠቀው። በ1969 ደግሞ የኮሮናዶ ድልድይ ከአናቱ ላይ ተዘረጋ። ቤት ፈረሰ፣ ጎረቤት ተበተነ። መናፈሻ ይሠራላችኋል የተባሉት ሰዎች ኤፕሪል 22 ቀን 1970 ከድልድዩ ሥር ቡልዶዘር ገብቶ ያያሉ። ሲጠይቁ ለሀይዌይ ፖሊስ ጣቢያ ነው ተባሉ። እናቶች፣ ተማሪዎች፣ ሕፃናት ሳይቀሩ ወጥተው ማሽኑን ከበቡት። መሬቱን 12 ቀን ያዙት። ያኔ ብሩሽ የያዘ አልነበረም፤ አፈሩን ቆፍረው ቁልቋልና አበባ ነው የተከሉት። ምሰሶዎቹ መቀባት የጀመሩት በ1973 ነው። ታዲያ «ቀቡና ወሰዱት» የሚባለው ከየት የመጣ ነው?

«የመንግሥት ነው» ለሚለውም፣ መንግሥት ያንን መሬት በወረቀት ይዞ ምን አደረገበት? ሰፈር ማለት ካርታ አይደለም። ሰፈር እዚያ ሲደርሱ የሚታይ ነገር ነው። ከላይ መኪናው ድም ድም እያለ ያልፋል፣ ከሥር የባህል ጨፋሪዎች እግራቸው ላይ ያሰሩት የፍሬ ቅርፊት ይንሿሿል፣ ኮፓል የሚሉት ሙጫ ልክ እንደኛ ዕጣን ይጨሳል። ወለላቸው መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ሎውራይደር የሚባሉ መኪኖች ቀለማቸው እያብረቀረቀ ቀስ ብለው ይመጣሉ። ስዕሉም ጌጥ ብቻ አይደለም። አንዱ ምሰሶ ላይ «ሰፈር አዎ፣ የአሮጌ መኪና ክምር አይሆንም» የሚል መፈክር ነው የተሳለው፤ ሰፈሩን የቁርጥራጭ ብረት መጣያ ላደረጉት ሰዎች የተሰጠ መልስ ነው። አቤቱታቸውን የሚሰማ ሲያጡ ኮንክሪት ላይ ጻፉት።

ስዕል የቤት ኪራይ አይቀንስም፣ እሺ፣ እሱን እቀበላለሁ። ግን «ቀለም ሰፈር አይሆንም» የሚለውን ከሐበሻ አፍ መስማቴ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለውን ሰፈር ከተማው «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው በ2002 ነው። ከዚያ በፊት ምግብ ቤቶቹና የቡናው ጭስ ባይኖሩ ማን ምን ብሎ ይሰይመው ነበር? የእኛ ሲሆን ባህል፣ የእነሱ ሲሆን ቀለም?

ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ራሱ በ2016 ቺካኖ ፓርክን በብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት መዝግቦታል። ቅርስ ያደረገው ያንኑ «ቀለም» ነው።

ወዳጄ፣ የፓርኩ በዓል በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ይከበራል። ና፣ እኔ በመኪናዬ እወስድሃለሁ። በ1970 ማሽኑ ፊት የቆሙት ሕፃናት ዛሬ አያት ሆነዋል፤ ያልከውን እነሱ ፊት ድገመው።