ስለ አንድ ቃል የተሟገተ ማኅበር

በአሜሪካ ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች «ሕገ ወጦች» የሚለው ቃል ለረጅም ዓመታት የሰው መጠሪያ ሆኖ ኖሯል። ያለ መኖሪያ ፈቃድ የሚኖር የእርሻ ሠራተኛም፣ ሞግዚትም፣ ተማሪም በዚያ ቃል ተጠቅልሎ ዜና ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የሂስፓኒክ (ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የዘር ሐረግ ያላቸው) ጋዜጠኞች ብሔራዊ ማኅበር «ይህን ቃል ተዉት» እያለ ዓመታት ወተወተ። የስደተኞች መብት ተሟጋቾችም አብረውት ደከሙ። በመጨረሻም የዜና ወኪሉ አሶሼትድ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 የአጻጻፍ መመሪያውን አሻሽሎ «ሕገ ወጥ ስደተኛ» ማለትን አስቀረ፤ ሕገ ወጥ የሚባለው ድርጊት እንጂ ሰው አይደለም በሚል።

የሙያ ማኅበር ዋጋው እዚህ ላይ ይታየኛል። አንድ ሪፖርተር ብቻውን ለአዘጋጁ «ይህ ቃል ይቅር» ቢል ለወገኑ አደላ ይባላል። ማኅበሩ ሲናገር ግን ነገሩ የሙያ ጥያቄ ይሆናል።

ሩበን ሳላዛር እንዲህ ያለ ከለላ አልነበረውም። የሎስ አንጀለስ ታይምስ ዓምደኛና የአንድ የስፓኒሽ ቋንቋ ጣቢያ የዜና ኃላፊ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1970 የቺካኖዎችን፣ ማለትም የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸውን አሜሪካውያን፣ የፀረ ቬትናም ጦርነት ሰልፍ ሲዘግብ ውሎ አንድ መጠጥ ቤት እንደገባ፣ የሸሪፍ ፖሊስ በተኮሰው የአስለቃሽ ጋዝ ቀለሀ ራሱን ተመትቶ ሞተ። የካሊፎርኒያ ቺካኖ ጋዜጠኞች ከሁለት ዓመት በኋላ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ የብሔራዊው ማኅበር የተማሪዎች ድጎማ በሳላዛር ስም ይጠራል።

ሥራው ገና አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ ሂስፓኒኮች ከአሜሪካ ሕዝብ 19 በመቶ ያህል ነበሩ፤ ፒው የጥናት ማዕከል በ2022 ባወጣው ጥናት ግን ከጋዜጠኞቹ ውስጥ 8 በመቶ ብቻ ናቸው። ማኅበሩ ገንዘብ አያስፈልገውም ማለት አይቻልም። ያም ሆኖ በ2019 አንድ የፎክስ ሬዲዮ አቅራቢ ስደተኞችን እንደ ወራሪ ሲገልጽ፣ ማኅበሩ ከፎክስ ኒውስ የተቀበለውን የጉባኤ ድጋፍ መለሰ። ይህን ድፍረት አከብራለሁ።

እኛስ? ከሳዑዲ ዓረቢያ ስለሚመለሱ ልጆቻችን ስንዘግብ «ሕገ ወጥ ስደተኞች» ማለትን ለምደነዋል። የጋዜጠኛ ማኅበሮቻችን ይህን ቃል ለሚቀጥለው ጉባኤያቸው አጀንዳ አድርገው ቢይዙት እወዳለሁ። «ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ድንበር የተሻገሩ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ጥቂት ቃላት ብቻ ይጨምራል።