ማስተካከያ፦ «25 በመቶ» የወደመ ደን ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት ስለ አውሮፓ ደኖች በጻፍሁት ጽሑፍ «ከደኑ 25 በመቶው ወድሟል» ብያለሁ። ስሕተት ነው። 25 በመቶ አንድ ዛፍ «ተጎድቷል» ተብሎ የሚመዘገብበት ወሰን ነው፤ ከቅጠሉ ከዚያ በላይ ሲያጣ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ባለሙያው ከዛፉ ራቅ ብሎ ይቆምና የሩቅ ማያ መነጽሩን ወደ አናቱ ያነሣል። ሙሉ ቅጠል ካለው አቻ ዛፍ ጋር እያስተያየ የጎደለውን በ5 በመቶ እርከን ይገምታል። ዛፉ ግን እንደቆመ ነው፤ ሊያገግምም ይችላል። ይህን ያረጋገጥሁት ድንበር ተሻጋሪ የአየር ብክለትን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር በ1985 (እ.ኤ.አ.) ከተቋቋመው የደን ክትትል መርሐ ግብር የጋራ መመሪያ ነው።

ግምቱ የዐይን ስለሆነ አንዱ አገር 20 ያለውን ሌላው 30 ሊለው ይችላል። ለዚህም የየአገሩ ገማቾች አንድ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ዐይናቸውን የሚያስማሙበት ሥልጠና አለ። (ከመረጃው ሁሉ የሚጥመኝን ይህን በመጀመሪያው ጽሑፍ ዘልዬው ነበር።)

በእኔ ቁጥር ተመርኩዛችሁ የጠፋ ደን በሄክታር ያሰላችሁ ካላችሁ ስሌቱን ጣሉት። የቀድሞው ጽሑፍም ታርሟል።