ግማሽ ሃይላንድ ጸበል

ወገኖቼ፣ ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። ሁለት ወር ሙሉ ይበርድልኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልበረደም።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቴ ልጇን ቀበረች። የ9 ዓመት ልጅ ነበር። የደም ካንሰር ነው ያሉት። ዓመት ከመንፈቅ ሐኪም ቤት ስታመላልሰው የሰፈሩ ሰው ሁሉ አይቷል። ሐኪም ቤት በማትሄድበት ቀን ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ፣ አዝላው እንጦጦ ማርያም ጸበል ትወጣ ነበር። በመጨረሻው ሰሞን «አሁንስ አይከብደኝም» ስትለኝ ፊቴን አዞርኩ።

ነገሩ የሆነው በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው። የእድሩ ድንኳን ደጅ ተተክሏል፤ ወንዶቹ እዚያ ናቸው። እኛ ቤት ውስጥ ከእሷ ጋር ፍራሽ ላይ ተቀምጠናል። ንፍሮ ይዞራል። በሰፈራችን የተከበሩ፣ ከቅዳሴ የማይቀሩ አንዲት እናት ገቡ። አለቀሱ። እንባቸው የእውነት ነበር፤ እሱን አልክድም። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ ማልቀሱ ይብቃሽ። ራስሽን መርምሪ። እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አይቀጣም። ሐኪም ሐኪም ከምትዪ በእምነት ጸበል ብታስጠምቂው ኖሮ ዛሬ...» አሉ። አልጨረሱትም። ሁላችንም ግን ጨረስነው።

እሷ መልስ አልሰጠችም። ከፍራሹ ተነሳች። የምትወድቅ መስሎን እጃችንን ዘረጋን። ወደ ጓዳ ገብታ አንድ ሃይላንድ ይዛ ተመለሰች። አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል፤ ከሌላ ውሃ ጋር እንዳይቀላቀል ነው። ግማሹ አለ። ሴትዮዋ ፊት ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው።

«እማማ፣ ግማሹን ጠጥቶታል» አለች። «ግማሹ ይኸው።»

ቤቱ ጭጭ አለ። ከጠዋት ጀምራ ሳህን ስታጥብ የዋለች ሙስሊም ጎረቤታችን እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ መጣች። ሃይላንዱን አንስታ ቦታው መለሰችው። ከዚያ አጠገቧ ተቀምጣ አቀፈቻት። አንድ ቃል አልተናገረችም።

እኔስ? እኔማ «አሜን» ብዬ ነበር። «እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አይቀጣም» ሲባል አፌ በልማድ «አሜን» አለ። ጎረቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። ስንት ዓመት ቡና አብረን የጠጣን ሰዎች ነን። ሴትዮዋን እወቅሳለሁ እንጂ ቃላቸውን ያጸደቅሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላም አፌን አልከፈትኩም። አንገቴን ደፍቼ ንፍሮ ቆረጠምኩ።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወች። «በሐዘን እምነቷን ጣለች» ይላሉ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ! ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ልጇ እጇ ላይ እየቀለጠ አንድ ጾም አልፈታችም። አንድም የማርያም ቀን አልሳተችም። መከራው ያልቻለውን እኛ በአንድ ከሰዓት ቻልነው።

ኢዮብን እንወዳለን። «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ» የሚለውን በቃላችን ይዘነዋል። እሱ ምዕራፍ 1 ነው። ምዕራፍ 3 ላይ ያው ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፤ እሱን ለቅሶ ቤት ሲያነሳ የሰማሁት ሰው የለም። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሊያጽናኑት መጥተው 7 ቀንና 7 ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ። ቃል አልተናገሩም። እስከዚያ ድረስ ደግ ወዳጆች ነበሩ። ጥፋቱ የመጣው «በድለህ ነው» ማለት ሲጀምሩ ነው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው ማንን ነው? እሪ ያለውን ኢዮብን አይደለም። ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ የተቆጣው እነዚያን ነው። ለእግዚአብሔር የሚከራከሩ መስሏቸው ነበር። እኛም እንደዚያው ይመስለናል።

ከዓረብ አገር ታማ ለተመለሰችው ልጅ «ምን ሠርታ ይሆን» አልን። ሥራ ፈቶ ቤት ለዋለው አባወራም እንዲሁ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን ኃጢአት ሠራ ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ መልሷል። ይህን ወንጌል ስንት ጊዜ ቆመን ሰምተናል።

የልጁ አርባ ሕማማት ላይ ዋለ። በሕማማት ፍትሐት የለም። ካህን መስቀል አያሳልምም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ስታዝን ትሰግዳለች፣ ኪርያላይሶን ትላለች። ዓርብ ስቅለት በ9 ሰዓት «ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ» ሲባል በዓይኔ ፈለግኋት። አልነበረችም። ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ «ለምን ተውኸኝ» ብሏል፤ እሷ ግን ገና «ለምን» ሳትል ነበር የፈረድንባት። ስግደቱ አልሆንልኝ አለ። ግንባሬን መሬት ላይ አድርጌ ቀረሁ።

ወገኖቼ፣ እባካችሁ። ለቅሶ ቤት ስትገቡ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይበቃል። እሱም ካቃታችሁ ሳህን እጠቡ። ሐዘንተኛ ከአምላኩ ጋር የሚነጋገረው ነገር አለው፤ መሀል አትግቡ። ይህን ስል ነገ እንደማንለወጥ አውቃለሁ። እኔም ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ባለፈው እሁድ ሄድኩ። «ይቅር በይኝ» አልኳት። ዝም ብላ ቡናውን ቆላች። ቆይታ «ሳታስቢው ነው፣ አውቃለሁ» አለች። «ግን ሰማሁት።» ሌላ አላለችም።

ስኒ ላቀብላት ወደ ጓዳ ስገባ ሃይላንዱን አየሁት። መደርደሪያው ላይ ነው። ቀይ ክሩም አለ። አቧራ የለበትም።

«እስካሁን አልደፋሽውም?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ጸበል ይደፋል እንዴ?» አለችና ቡናውን ቀዳችልኝ።