«ሲሊኮን ይሸፍነዋል» የምትሉ ባለሙያዎች፣ ኧረ በሕግ አምላክ!

ኤል ቅርጽ ያለው ኪችን ያላችሁ ሰዎች እስቲ አሁን ተነሱና ማእዘኑ ላይ የቶፑ (የካቢኔቱ የላይ ገበታ) ሁለት ቁራጮች በሚገናኙበት መጋጠሚያ ላይ ጥፍራችሁን አሻሹ። ያዝ ካደረጋችሁ፣ መስመሩ ከበርበሬና ከዘይት ጠቁሮ ከሆነ፣ ወይም ፊት ለፊት ጠቦ ወደ ግድግዳው ሲሄድ ጣት የሚያስገባ ከሆነ ይህ ጽሑፍ የእናንተ ነው። የ20/80ም ሆነ የ40/60 ኮንዶሚኒየም፣ ቪላም ይሁን አፓርታማ፣ ያው ነው። ካቢኔቱ ያማረ፣ ግራናይቱ የተወለወለ፣ ማእዘኑ ላይ ግን የጣት ውፍረት ያለው ሲሊኮን ተጋድሟል። «ይሄ ምንድን ነው?» ሲባሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ቤቱ ስኳድራ አይደለም፣ እኔ ምን ላድርግ?»

ቤቱ ስኳድራ (ማእዘኑ ልክ 90 ዲግሪ) አለመሆኑን ማወቅ እኮ የመጀመሪያ ሥራህ ነው! የትኛው ቤት ነው ስኳድራ የሆነው? ለሳኙ ማእዘኑ ላይ ሲደርስ የልስን መሣሪያውን ያዞራል፣ ልስኑ እዚያ ጋ ይወፍራል። ይህን የማያውቅ ግንበኛም አናጢም የለም። ታዲያ ሁለት ግራናይት ፋብሪካ በወጣበት 90 ዲግሪ ቆርጠህ አምጥተህ ግድግዳው አልገጥም አለኝ ማለት ምን ይሉታል?

ልኬቱ ደግሞ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ካቢኔቱ በሚደርስበት ከፍታ ላይ፣ ማለትም ከወለሉ 85 እስከ 90 ሳንቲም ላይ (ወለል ላይ አይደለም፣ ግድግዳው ወደ ላይ ሲሄድ ይለያያል)፣ ከማእዘኑ በአንዱ ግድግዳ 60 ሳንቲም፣ በሌላው 80 ሳንቲም ምልክት አድርግ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ሰያፉን ለካ። ልክ 100 ከመጣ ስኳድራ ነው። 101 ከመጣ ማእዘኑ 91 ዲግሪን አልፏል፤ 60 ሳንቲም ስፋት ያለው ቶፕ ላይ ሲደርስ ከ1 ሳንቲም በላይ ክፍተት ሆኖ ይወጣል። አንድ ሳንቲም! ማእዘኑ ከ90 ሲሰፋ ክፍተቱ ፊት ለፊት ይከፈታል፣ ሲጠብ ደግሞ ፊቱ ይነካና ወደ ግድግዳው በኩል ይከፈታል። ስለዚህ ያለቀ ሥራ አይቶ እንኳ ሳይለካ መቆረጡን መናገር ይቻላል። መፍትሔውም ከባድ አይደለም፤ የመጀመሪያው ቁራጭ እስከ ማእዘኑ ድረስ ይገባል፣ የሁለተኛው ጫፍ ብቻ በተለካው ዲግሪ ይቆረጣል። አንድ ቆረጣ ነው ልዩነቱ።

ከዚህ የተሻለው ደግሞ ካርቶን ወይም ቀጭን ኮምፔንሳቶ (ፕላይውድ) ካቢኔቱ ላይ አንጥፎ፣ ግድግዳው የጎበጠበትን ተከትሎ ቀርጾ፣ ግራናይት ቤቱ በዚያ እንዲቆርጥ መላክ ነው። ግን ላዩ ላይ «ላይ»፣ «ፊት»፣ «ግድግዳ» ተብሎ ይጻፍበት። ካርቶኑ ተገልብጦ ተቀምጦ በግራ መሆን የነበረበት ቁራጭ ለቀኝ የተቆረጠበት ስንት ጊዜ ነው? ከዚያ በኋላ ለተበላሸው ካሬ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

ሁለተኛው ብሶት ውሃ ልክ ነው። የመጋጠሚያው አንዱ ወገን ከሌላው 2 ሚሊ ከፍ ብሎ የሚታየው ብዙ ጊዜ ግራናይቱ ስለከፋ አይደለም፤ ከሥሩ ያሉት ሁለት ካቢኔቶች እኩል ስላልሆኑ ነው። የካቢኔቶቹ እግር ተስተካክሎ፣ ረጅም ውሃ ልክ በሁለቱም ላይ ተሻግሮ ተቀምጦ ካልታየ ቶፑ መምጣት የለበትም። 2 ሳንቲም ውፍረት ያለው ግራናይት በካሬ 54 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 2 ሜትር በ60 ሳንቲም የሆነ ቁራጭ 65 ኪሎ ነው ማለት ነው፣ በ3 ሳንቲም ውፍረት ደግሞ ወደ 97 ይጠጋል። ይህን ከጫኑ በኋላ በሽብልቅ እያነሱ ማስተካከል ቁራጩን መስበር ነው።

ማእዘኑ ከኋላ ደግሞ ባዶ ነው። ሁለቱ ካቢኔቶች የማይደርሱበት፣ ግድግዳና ግድግዳ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ግራናይቱ አየር ላይ ይቀራል። እዚያ በሁለቱም ግድግዳ ላይ ሞራሌ (ቀጭን ደጋፊ እንጨት) በፊሸር (ግድግዳ ውስጥ በሚገባ የፕላስቲክ መያዣ) እና በብሎን፣ በየ40 ሳንቲሙ ተይዞ፣ ከካቢኔቱ ጋር እኩል መታሰር አለበት። በመጋጠሚያው ሥርም እንዲሁ፣ ሁለቱንም ጫፍ የሚሸከም እንጨት ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ምን እንደሚሆን ማንም የኛን ኩሽና የሚያውቅ ይገባዋል። ምጣዱ የሚቀመጠው የት ነው? ሰፊው ቦታ ማእዘኑ ስለሆነ እዚያው ነው። ነጭ ሽንኩርት የሚወቀጠውስ? እዚያው። ሙቀጫው በተመታ ቁጥር ያልተደገፈው ጫፍ ፀጉር ያህል ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ መጋጠሚያው ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ይፈረፈራል። ውሎ አድሮ መስመሩ ይከፈታል። ከዚያ ጥፋቱ የባለቤቷ ይሆናል፤ «ወቅጠውበት ነው» ይባላል። ኩሽና ውስጥ የማይወቀጥ የት አገር ነው?

መጋጠሚያውን በሲንክ ቀዳዳ ላይ የምታሳርፉት ደግሞ ለምንድን ነው? ከቀዳዳው ጠርዝ ቢያንስ 15 ሳንቲም ይራቅ እንጂ። በሲንኩ ፊትና ኋላ የሚቀረው ድንጋይ አራትና አምስት ጣት ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ መገጣጠም ውሃው እንዲገባ መንገድ መጥረግ ነው። ግራናይትን ማእዘን ላይ በ45 ዲግሪ ሰያፍ መቁረጥም ያምራል ተብሎ ይጠየቃል። 60 ሳንቲም የነበረው መጋጠሚያ 85 ሳንቲም ይሆናል፣ ጫፉ ላይ ሹል ይወጣል፣ ሹሉ በመጓጓዣ ላይ ይሸረፋል። ለድንጋይ ቀጥ ያለው መጋጠሚያ ይሻላል።

እሺ፣ አሁን ወደ ማጣበቂያው። ነጭ ሲሚንቶ! መጋጠሚያ ውስጥ ነጭ ሲሚንቶ የሚሞላ ሰው ዛሬም አለ። ነጭ ሲሚንቶ ውሃ ይጠጣል፣ ዘይት ይጠጣል፣ አይለጠጥም። የሽሮው ድስት አንዴ ከገነፈለ ቢጫ መስመር ሆኖ ይቀራል፣ በሳሙናም በበረኪናም አይለቅም። ሲሊኮንም የድንጋይ ማያያዣ አይደለም። ቦታው ቶፑ ከግድግዳ የሚገናኝበት ነው፤ እዚያ 2 እስከ 3 ሚሊ ክፍተት ተትቶ ይሞላል፣ ሴራሚኩም ከቶፑ በኋላ ቢመታ የግድግዳውን ጉብጠት ይደብቃል። እምነበረድ ከሆነ ደግሞ የኮምጣጤ ሽታ ያለውን ሲሊኮን አታስነኩት፣ አሲዱ ድንጋዩን ይበላዋል፤ ሎሚ የሚያደርገውን ያደርጋል።

ለመጋጠሚያው ሁለት ነገር (ማጣበቂያውና ማጠንከሪያው) ተቀላቅሎ የሚሠራው ኢፖክሲ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ሁለቱ ቁራጮች ያለ ማጣበቂያ ይገጠሙና ይታዩ፤ ክፍተቱ ከ1 ሚሊ ተኩል መብለጥ የለበትም። ከዚያ ጫፎቹ በአሴቶን ይጠረጉ፤ ከቆረጣ የቀረ ዱቄት ላይ ምንም አይጣበቅም። በሁለቱም ወገን የወረቀት ፕላስተር ይለጠፍ። ኢፖክሲው ከድንጋዩ ቀለም ጋር ይቀላቀል፣ ግን ቀለሙ በትርፍ ቁራጭ ላይ ደርቆ ይታይ፣ እርጥቡና ደረቁ አንድ አይደለም። ማጠንከሪያው በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ ብቻ ነው። «ቶሎ እንዲደርቅ» ተብሎ እጥፍ ሲጨመር በደንብ ሳይያያዝ ይቀራል። ትርፉ ሳይጠነክር በምላጭ ይነሳል፣ ቀኑን ሙሉም ማንም አይነካውም።

ፎርማይካ የለበሰ የችፑድ ቶፕ ያላችሁማ ችግራችሁ የባሰ ነው። ፊቱ ክብ ከሆነ ዝም ብሎ ቀጥ ተብሎ አይገጥምም፣ ክቡ ፊት ብዙ ጊዜ በ45 ይቆረጣል። የተቆረጠው ፊት ራቁቱን የቀረ የእንጨት ፍርፋሪ ነው። ኮላ ወይም ሲሊኮን ሙሉ በሙሉ ሳይቀባ ከተገጠመ፣ የመጀመሪያው ዕቃ ማጠብ ላይ የገባችው ውሃ ታሳብጠዋለች። ያበጠ ችፑድ ደግሞ አይመለስም፤ መጋጠሚያው እንደ ከንፈር ተነስቶ ይቀራል። ከሥር ሦስት ማጥበቂያ ብሎን ያስፈልገዋል፣ አንድ ከፊት፣ አንድ መሃል፣ አንድ ከኋላ። ሦስቱም ተራ በተራ፣ ላዩ በእጅ እየተዳሰሰ ይጠብቃሉ። አንድ ብሎን መሃል ላይ አስሮ መሄድ ግን ተለምዷል፣ ማንም ጎንበስ ብሎ ስለማያይ።

ስለዚህ ባለቤቶች፣ ጎንበስ በሉ! ቀብድ ስትሰጡ «የማእዘኑ ክፍተት ከ1 ሚሊ ተኩል አይበልጥም፣ ማጣበቂያው ኢፖክሲ ነው፣ ከኋላ ሞራሌ አለው» ብላችሁ ውሉ ላይ አስጽፉ። የመጨረሻውን ክፍያ በርክክብ ቀን አትጨርሱ። በማግስቱ ካቢኔቱን ከፍታችሁ ከመጋጠሚያው ሥር ሶፍት አንጥፉ፣ ላዩ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱና ግማሽ ሰዓት ተዉት። ሶፍቱ ረጥቦ ከተገኘ «ሲሊኮን ልጨምርበት» ሲላችሁ እሺ አትበሉ፤ ይንቀለውና፣ ሰያፉን ይለካና፣ ጫፉን እንደገና ይቁረጥ።